የኡዘይር ጀልባ ለምን ዘገመች

ኡዘይርን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ በኡዘይር ተጠርጥሯል። "እንዴት አደርክ?" ስትሉት "ምነው? ምን ሰማህ?" ይላችኋል። ጎንደር አራዳ ውስጥ የእሱ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅና የእኔ የቤት ዕቃ ሱቅ አንድ ግድግዳ ይጋራሉ፤ ስለዚህ የምናገረውን አውቃለሁ። ሻይ ሲያዝ ስኳሩ ለብቻው እንዲመጣለት ያደርጋል። ሚኒባስ ከመሳፈሩ በፊት ጎማውን በእግሩ ረገጥ አድርጎ ይፈትሻል። እኛ ዳዊት እንደምንደግመው እሱ "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" የምትለዋን ተረት ጠዋት ማታ ይደግማታል። ሚስቱ ፈህሚያ ደግሞ "እኛ ቤት የተመነጠረው የጠረጠረው ነው፤ እንቅልፉን ካጣ ስንት ዘመኑ" ትላለች።

ክፉ ሰው ግን አይደለም። አባቴ ሲሞት ሐዘን ቤት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይለይ ለለቀስተኛ ውሃ ሲያስታጥብ የሰነበተው እሱ ነው። እግረ መንገዱንም ድንኳን ያከራዩን ሰዎች ሲነቅሉ የኛን ገመድ ጨምረው እንዳይወስዱ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ነው ጀልባ የገዛው።

ጀልባ መግዛቱን ስሰማ ሳቅሁ። የኡዘይር ዘመዶች ከቅድመ አያት ጀምሮ ነጋዴ ናቸው፤ ከውሃ ጋር የሚገናኙት ለሶላት ውዱእ ሲያደርጉ ነው። ግን መንገዱ አንድ ቀን ሲከፈት አንድ ቀን ሲዘጋ ገበያው ቀዘቀዘበት፤ ጣናን አሻግሮ ያየው ያን ጊዜ ነው። ጎርጎራ ላይ አንዲት የፋይበር ጀልባ፣ ከኋላዋ ከሚንጠለጠል ባለ አርባ ፈረስ ጉልበት ሞተር ጋር ገዛ። ወደ ደልጊ ገበያተኛ፣ ወደ ደሴቶቹ ደግሞ ተሳላሚ ታደርሳለች። እንዲነዳለት ለእንኳየሁ ሰጠው።

እንኳየሁ የጎርጎራ ልጅ ነው፤ ታንኳ ላይ ያደገ፣ አርባን የተሻገረ፣ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ ሰው። አባቱና የኡዘይር አባት ወዳጆች ነበሩ። የኡዘይር አባት ለደልጊ ገበያ ሲወርዱ የሚያድሩት እነ እንኳየሁ ቤት ነው፤ እዚያ ቤት ለእስላም እንግዳ ብቻ የሚጣድ ድስት ነበረ። ለፋሲካም ለኢድም በግ በቁሙ ይሰጣጣሉ፣ ያው እያንዳንዱ በየሃይማኖቱ ባርኮ እንዲያርደው። ወዳጅነቱ ለልጆቹ ወረደ። ኡዘይር በዚህ ዓለም ላይ ያልጠረጠረው ሰው ቢኖር እንኳየሁ ብቻ ነበር። እኔን፣ ግድግዳ የምጋራውን፣ ይጠረጥረኛል። እንኳየሁን ካጣ ልቡን ከፍቶ የሚያወራው አንድ ሰው እንደማይቀርለት ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ፈህሚያም ታውቅ ነበር።

ጀልባዋ ሁለት ዓመት በሰላም ሠራች። ከዚያ ዋኘው የሚባል ሰው ሌላ ጀልባ አመጣ። ሞተሩ ያው ባለ አርባ፣ ጀልባዋም ያችው ዓይነት፤ ግን የእሱ ትፈጥናለች። አብረው ተነሥተው የኡዘይር ጀልባ ገና ውሃ ላይ ሳለች የዋኘው ሰዎች ደልጊ ደርሰው ሸቀጣቸውን ዘርግተዋል። ገበያተኛ ደግሞ ይሉኝታ የለውም፤ ወደሚፈጥነው ዞረ።

"የኔዋን ምን ነካት?" አለ ኡዘይር። እሱ እንዲህ ሲል "ማን ነካት?" ማለቱ ነው።

በመጀመሪያ የተጠረጠረው ቤንዚኑ ነበር። ጎርጎራ በላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጠው ቤንዚን ላምባ ሳይቀላቀልበት አይቀርም አለና ከጎንደር በጀሪካን እየጫነ ይወርድ ጀመር። ጀሪካኑን ማንም እንዳይነካበት ደግሞ አራዳ ካለ በያጅ ዘንድ ወፍራም የላሜራ ሣጥን አሠራ፤ ባዶውን ሁለት ሰው የሚያቃስትበት። ከሞተሩ አጠገብ አስቀምጦ ትልቅ ጓጉንቸር አንጠለጠለበት።

ቀጥሎ የተጠረጠረው አምሐ ነው፤ ጎንደር ውስጥ የጀልባ ሞተር የሚያውቅ መካኒክ። አምሐ ካርቡራተሩን አጠበ፣ ካንዴላዎቹን ለወጠ። ኡዘይር አሮጌዎቹን ካንዴላዎች ተቀብሎ ኪሱ ከተተ።

"ምን ያደርጉልሃል?" አለው አምሐ።

"ለአንተ ምን ያደርጉልህ ነበር?" አለ ኡዘይር።

አምሐ ታጋሽ ነው። "ጋሽ ኡዘይር፣ ይህ ሞተር የተሠራው ቆላ ላለ ባሕር ነው። እኛ ዘንድ ከፍታው ብዙ፣ አየሩ ስስ ነው፤ ጉልበቱ ይቀንሳል። ከታች ውሃ ውስጥ የሚሽከረከረው ፕሮፔለር ደግሞ ከአቅሙ በላይ እየጎረሰ ነው። አነስ አድርጎ የሚጎርስ እንቀይርለት" አለ። ተቀየረ፤ ጥቂት ተሻላት። "አሁን ደግሞ ወርጄ ውሃ ላይ ስትሄድ ልያት፤ የቀረው እዚያ ነው የሚታየው" ሲለው ኡዘይር ዓይኑ ጠበበ። ማምሻውን ሱቄ መጥቶ "ሰማኸው? ጎርጎራ ወርዶ ከዋኘው ጋር ሊገናኝ ነው" አለኝ። ከዚያ ወዲያ አምሐን አልጠራውም። አዲሱ ፕሮፔለር ግን ሌባ ያጓጓል ብሎ፣ ሞተሩን ከጀልባዋ ጋር የሚያስርበት የከባድ መኪና ሰንሰለት ገዛ። ሰንሰለቱም ከሣጥኑ ጎን ተጠቅልሎ ተቀመጠ።

ዋኘው እምቦጭ እየነቀለ ጀልባዬ ሥር ይሸጉጥብኛል ያለበትም ሳምንት ነበር። እንኳየሁ ልብሱን አውልቆ ጠልቆ፣ ሆዷን በእጁ ዳብሶ "ንጹሕ ናት አያ ኡዘይር፣ ሸጋ ናት" አለው። በየጊዜው የመጣውን ሁሉ "ይሁን" ብሎ የሚጭነው እሱ ነው። አንድ ቀን ብቻ "እግሬን የማሳርፍበት አጣሁ፤ ይሄን ሣጥን ወደ ፊት ላድርገው?" ብሎ ጠየቀ።

ኡዘይር ያኔ "ባለበት ይቀመጥ" ብቻ አለ። ጎንደር ሲመለስ ግን ሱቁን እንኳ ሳይከፍት እኔ ዘንድ ገባ። "ህሩይ" አለኝ፣ "እንኳየሁ ሣጥኑን ከዓይኔ ሊያርቀው ፈለገ።"

"እግሩን አሞት ይሆናላ።"

"ሁለት ዓመት ሙሉ ያላመመው እግር?"

ተናደድሁ። "አንተ ሰው፣ ሣጥኑን ያስቀመጥከው አሁን አይደለም እንዴ!" አልሁት። እሱ ግን ካሰበ አሰበ ነው። በሳምንቱ ከጀልባዋ ኋላ፣ ከሞተሩ ጎን መቀመጥ ጀመረ፤ ፍጥነት የሚሰጠውን እጀታ የሚጠመዝዘውን የእንኳየሁን እጅ እያየ። ኡዘይር ደግሞ ቀጭን ሰው አይደለም። ሣጥኑ፣ ሰንሰለቱ፣ ሹፌሩና ባለቤቱ አንድ ላይ ኋላ ተደርድረው ጀልባዋ አፍንጫዋን ሽቅብ ሰቅላ ውሃውን እያረሰች ትሄዳለች። ኡዘይር አፍንጫዋ ቀና ማለቱን አይቶ "ጉልበት እንዳላት ያስታውቃል፤ ታዲያ ምን ያዛት?" ይል ነበር። የሚያየው ግን የእንኳየሁን እጅ ብቻ ነው።

ፋሲካ ሲቃረብ አብሬአቸው ደልጊ ሄድሁ። ኡዘይር እንደ ልማዱ ለእነ እንኳየሁ ቤት በግ ገዛ። ስንመለስ በጉ ኋላ ታስሮ ሳለ የሞተሩ ጩኸት አስደነገጠውና ውሃ ውስጥ ሊገባ ዘለለ። "ወደ ፊት ውሰዱት!" አለ እንኳየሁ። ኡዘይር በጉን ለሌላ ሰው አምኖ የሚያስይዝ አልነበረምና ራሱ ጎትቶ ከአፍንጫዋ ሥር ቁጭ አለ፤ በእግሮቹ መካከል ጭምቅ አድርጎ ያዘው።

ጀልባዋ አፍንጫዋን ዝቅ አደረገች። ከዚያ ውሃውን ማረሷን ትታ በላዩ መንሸራተት ጀመረች። ነፋሱ ነጠላ ይገፋል፤ ጎርጎራ ፈጥኖ ወደ እኛ ይመጣል። የዋኘውን ጀልባ ደርሰን አለፍናት። ገበያተኞቹ ሴቶች እልል አሉ፤ እንኳየሁ ከኋላ ያንን ሳቁን ለቀቀው። ለረጅም ጊዜ እንዲህ ሲስቅ አላየሁትም ነበር፤ እኔም ደስ አለኝ።

ኡዘይር ዞር ብሎ ሳቁን አየ። ፊቱ ጠቆረ።

ስንወርድ ክንዴን ይዞ ወደ ዳር ወሰደኝ። "አየህ አይደል? ከአጠገቡ ስነሣ ለቀቃት።"

"ነፋስ ይሆናል" አልሁ።

"ነፋሱ እኔ ስነሣ ነው የሚነሣው? ከዋኘው ጋር ተማክሮ ነው ህሩይ! እኔ ስጠብቀው ያፍናታል፤ ዞር ስል ልቡ አልቻለም፣ ለቀቃት። ሲስቅ አላየኸውም?" እንባው ወረደ። ይህን ያህል ዓመት የማውቀው ሰው ሲያለቅስ ሳይ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። የበጉን ገመድ ለእንኳየሁ ሲያስረክበው ፊቱን አላየውም።

በዓሉ እንዳለፈ "ይማልልኝ" አለ።

መሐላ በኛ አገር ምን እንደሆነ የማያውቅ ቢኖር ልንገረው። የጠፋን ነገር ለማውጣት ሰውን ታቦት ደጃፍ ማስማል ይቻላል። ነገር ግን ያስማለና የማለ ከዚያ ወዲያ አንድ ገበታ አይቀርቡም፤ እቃው ቢገኝ እንኳ ወዳጁ ይጠፋል። ኡዘይር ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ነጋዴ ነውና መሐላውን እንደ ደረሰኝ ነው ያየው። "ምሎ ያጥራልኝ፤ ከዚያ ሥራችንን እንቀጥላለን" ይለኛል። እንዲያውም የክርስቲያን መሐላ የጠየቀው፣ እንኳየሁ በታቦት እንደማይዋሽ ስለሚያምን ነው። ይህን ያህል ካመንከው ለምን ታስምለዋለህ ብዬ ብጠይቀው "ልረፍ ብዬ ነው" አለኝ።

የጎርጎራው ቄስ መምሬ ወልደ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆመው ለመኑት። ሽማግሌ ናቸው፤ የሁለቱንም አባቶች ያውቃሉ።

"ኡዘይር ልጄ፣ ለሞተር ሩጫ ታቦት አይጠራም። ይቅርብህ።"

"ይማል መምሬ።"

"አባትህ በዚህ ሰው አባት ቤት ያደሩ ናቸው። ይቅርብህ።"

"ይማልና ልረፍ።"

እንኳየሁ ጫማውን አወለቀ። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ የገረመው ሰው ይመስል ነበር። "ይችን ጀልባ አውቄ አዘግይቼ ከሆነ፣ ከዋኘውም ጋር ተማክሬ ከሆነ፣ ማርያም ትፍረድብኝ" አለ። መምሬ በቃ ሊሉ እጃቸውን ሲያነሡ ጨመረ። "ከዛሬ ወዲያም ይህ እጄ የኡዘይርን ሞተር ቢነካ እሷው ትፍረድብኝ።"

ጫማውን አድርጎ ወደ ቤቱ ሄደ። ኡዘይር የሚያርፍ መስሎት ነበር። አላረፈም።

በላቸው የሚባል ሌላ ሹፌር ቀጠረ፤ ዝምተኛ፣ ትእዛዝ አክባሪ። ኡዘይር ከጎኑ ተቀመጠ፤ ጀልባዋም ዘገመች። አንድ ሳምንት ታገሠ። በሁለተኛው ሳምንት ከደልጊ ባዶ ስንመለስ፣ እኔ፣ እሱና በላቸው ብቻ ሆነን፣ ድንገት ብድግ ብሎ ወደ ፊት ሄዶ ተቀመጠ። ሊፈትነው ነው። ጀልባዋ አፍንጫዋን ዝቅ አድርጋ ሮጠች።

"አንተም!" ብሎ ጮኸ። "አንተም ያዝካት?"

በላቸው ደነገጠ። "ጋሼ፣ እኔ እጄን አላነሣሁም። እስከ መጨረሻው ጠምዝዣት ነው ያለችው፤ ይኸው ይዩት!"

ኡዘይር ተመልሶ ኋላ መጣ። እጀታውን በዓይኑ ሳይሆን በራሱ እጅ ያዘው፤ እውነትም እስከ መጨረሻው ተጠምዝዟል። ጀልባዋ ግን እሱ ሲመጣ አፍንጫዋ ተነሥቶ ዘገመች። እንደገና ወደ ፊት ሄደ፤ ሮጠች። ወደ ኋላ መጣ፤ ዘገመች። ወንበሮቹን እየተሻገረ፣ በእጁ እየተደገፈ፣ ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ፊቱን ሳየው ሳቄ ጠፋ። በመጨረሻው ጊዜ መሐል ላይ ደርሶ፣ ቆሞ ቀረ፤ ከዚያ እኔ አጠገብ ወንበሩ ላይ ወደቀ።

"ክብደት ነው" አለ። "ሣጥኑና እኔ ነን። እንኳየሁ አልነካትም ነበር ህሩይ። አንድም ቀን አልነካትም።"

በላቸው ምን እንደተባለ አልገባውምና መንዳቱን ቀጠለ።

ሣጥኑን በማግስቱ ለበያጁ መለሰለት፤ ሰንሰለቱን ከባድ መኪና ላለው ጎረቤት ሰጠ። ለሽምግልና እኔ፣ መምሬ ወልደ ዮሐንስና የኡዘይር ታላቅ ወንድም ሸሪፍ ወደ እንኳየሁ ቤት ሄድን። ፈህሚያ ከጎንደር ስንነሣ "ይቅር ይለዋል፤ እሱ ሸጋ ሰው ነው። ግን የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም" ብላን ነበር። ኡዘይር ከኋላችን ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ መጣ፤ ያ የማያጎነብስ ሰው ጎንበስ ብሎ። እንኳየሁ ከቤቱ ወጥቶ ሲያየው ሮጦ ድንጋዩን ከማጅራቱ አወረደለት። "ምነው አያ ኡዘይር፣ ምነው እንዲህ" እያለ አቀፈው። ሁለቱም አለቀሱ። እኔም አለቀስሁ፤ ሸሪፍ ብቻ ሰማይ ሰማይ ያያል።

"ይቅር ለእግዚአብሔር ብያለሁ" አለ እንኳየሁ ስንቀመጥ። "ከልቤ ነው። ሞተሯን ግን አልነካም። ምያለሁ።"

መምሬ መሐላው በንስሐ ስለሚፈታበት መንገድ ማውራት ጀመሩ። እንኳየሁ በአክብሮት አቋረጣቸው። "መምሬ፣ እርስዎ ሊፈቱልኝ ይችሉ ይሆናል። እኔ ግን ፍቱኝ አልልም። መሐላውን የፈለገው አያ ኡዘይር ነው፤ አሁን አለው።" ኡዘይር አንገቱን ደፋ። የምንበላው ቀረበ፤ በላንም፤ እንኳየሁ ግን እያስተናገደ ቆመ እንጂ ገበታው አልቀረበም።

ከዚያ በኋላ እንኳየሁ ለደልጊ ገበያ ሲሄድ ያው በኡዘይር ጀልባ ይሄዳል፤ እንደማንኛውም ተሳፋሪ። በላቸው ወደ አገሩ ስለሄደ የሚነዳው ራሱ ኡዘይር ሆኗል። ባለፈው ወር አብሬአቸው ነበርሁ። ስንመለስ ሌላው ተሳፋሪ ሁሉ ደሴት ላይ ወርዶ ሦስታችን ብቻ ቀረን። እንኳየሁ ፊት፣ እኔ መሐል፣ ኡዘይር ኋላ። ጀልባዋ እንዲያ ስትሮጥ አላውቅም፤ ዋኘውን አልፈነዋል። ኡዘይር ግን ፈጠነች ብሎ አልተደሰተም። ዓይኑ ከእንኳየሁ ጀርባ አልተነሣም።

ሐይቁ መሐል ስንደርስ ሞተሩን አጠፋ።

"እንኳየሁ" አለ፣ እየለመነ። "ና እስኪ ያዛት። አንዴ ብቻ። እዚህ ማንም የለም፤ ህሩይም ቢሆን አይናገርም።"

እንኳየሁ ዞሮ ተመለከተው። "ማንም ካላየኝ የምነካት ይመስልሃል፣ አያ ኡዘይር?" አለ። ድምፁ ለስላሳ ነበር፤ እኔን ያመመኝም ልስላሴው ነው። "ዛሬም?"

እንኳየሁ ፊቱን ወደ ጎርጎራ መለሰና እጆቹን ጋቢው ውስጥ ከተተ። ኡዘይር የሞተሩን ገመድ ሳበ፤ ሞተሩ በአንድ ጊዜ ተነሣ፤ ጀልባዋም ሦስታችንን ይዛ በፍጥነት ወደ ዳር ወሰደችን።